ስፒል በአፌ ሳለ

ነሐሴ 4

ሱሪ ማሳጠር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ አሁንም ሱሪ ማሳጠር። ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት አጠረ እንዴ? ወገቤ ተቆርጧል። የስፌት መኪናዬም እንደኔ ማጉረምረም ጀምራለች፤ ዘይት ጠምቷታል።

ወንድሜ ዛሬ በጊዜ ገባ። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሰው በፎቅና በፎቅ መሃል ተንጠልጥሎ ሲጮህ የሚጠሩት እሱን ነው። እሑድ የሚባል ቀን አያውቅም። ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ፣ "እሑድ ሐይቅ ዳር እንሂድ፣ አራታችንም" አለኝ። አራተኛዋ የጥርስ ሐኪሟ ናት፣ እጮኛው።

"አሞሃል?" አልኩት።

"እንዲሁ ነው እባክሽ... ትምህርት ሳይከፈት ልጅቷ ትዝናና ብዬ።"

ፌንጣ ይህን ሰምታ ሶፋው ላይ ዘለለች። ፌንጣ ያልኳት እኔ ነኝ። መራመድ በቅጡ ሳትችል መዝለል የጀመረች ልጅ ሌላ ምን ትባላለች? እናቷ በወለደቻት በወሩ አረፈች። ወንድሜ በፎጣ ጠቅልሎ ታቅፏት በራፌ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱም እኔ ቤት ናቸው። አሁን ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ሰው ፊት "የወንድሜ ልጅ" እላለሁ። እዚህ ግን ማን ያየኛል? ልጄ።

ነሐሴ 8

ሐይቅ ዳር ዋልን። አሸዋው እሳት፣ ውሃው በረዶ። ፌንጣ ከንፈሯ እስኪጠቁር አልወጣም አለች። የጥርስ ሐኪሟ ፎጣ ይዛ ስትከተላት ዋለች። ክፉ ሴት አይደለችም... ይህም ይጻፍላት። እኔን ግን "እርስዎ" ትለኛለች፣ ወንበሯ ላይ እንዳስተኛችኝ በሽተኛ። "እርስዎ ውሃ አይገቡም?" አልገባም።

ወንድሜ ደግሞ ፎቶ ሲያነሳን ዋለ። እኔንና ፌንጣን ብቻ። "ተጠጉ... እቀፊያት... አንድ ጊዜ ደግሞ።" ለመጀመሪያ ሠርጉ እንኳ ፎቶ አልነሳም ብሎ ያስቸገረን ሰው! ዛሬ ምን ገባበት?

ፀሐዩ አፍንጫዬን ልጦታል። ግን ደስ ብሎኛል። ስንት ዘመን ሆነኝ ሥራ ፈትቼ ከተቀመጥኩ?

ነሐሴ 12

የፌንጣን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ጀመርኩ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ። የታችኛውን እጥፋት ሰፋ አድርጌ ተውኩት፤ የዛሬ ዓመት ስትረዝም ይለቀቃል፣ በዓመቱ እንደገና ይለቀቃል። ወንድሜ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ያያል።

"ይህን ያህል ለምን ታጥፊዋለሽ?"

"ልጅህ አታድግም?"

ውሃ ሊጠጣ ተነሣ።

ፌንጣን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ስለካት የተለመደው ሆነ። ስፒሎቼን ከንፈሬ መሃል ደርድሬ ነው የምሠራው፤ ያኔ አፌን መክፈት አልችልም። ይቺ ብልጥ ገና በአራት ዓመቷ ነቅታበታለች። ያጠፋችውን የምትናዘዘው ስፒሉ አፌ እስኪገባ ጠብቃ ነው። "እምም!" ከማለት በቀር ምን አቅም አለኝ? እያደር ደንብ ሆነብን። ስፒል በአፌ ሳለ የሰማሁትን አልሰማሁም። አልቆጣም፣ ለማንም አልናገርም፣ ስፒሉን ካወጣሁ በኋላም አላነሳውም።

የቁልፍ ማስቀመጫ ብርጭቆዬን የሰበረችው እሷ ሆና ተገኘች። እኔ በጎረቤት ድመት ሳመካኝ ከርሜ... ድመቷን በምን ፊቴ ልያት?

ነሐሴ 15

ዛሬ ደግሞ እንስሳት ልናይ ሄድን። ሁለት እሑድ በተከታታይ! ሊፍቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተሻለው መሰለኝ። ጦጣዎቹ ጋ ስንደርስ አንዷ አሮጊት ጦጣ ሌሎቹን እየገፋች ትጮሃለች። ፌንጣ፣ "አክስቴ፣ ይቺ ሱቅሽ ውስጥ ሰው ሲበዛብሽ አንቺን ነው የምትመስለው" አለች። ሰው ዞሮ እስኪያየኝ ሳቅኩ።

ምሳ ስንበላ የጥርስ ሐኪሟ አፌን አየችው። "የፊት ጥርስዎ ተቦርቡሯል። ስፒል ስለሚነክሱ ነው። ቢተዉት ይሻላል።" እናቴም ስፒል ስትነክስ ኖራ ከነሙሉ ጥርሷ ነው የሞተችው አልኳት። ምሳዋን ቀጠለች።

መመለሻ ላይ ወንድሜ፣ "ልደቷን ነሐሴ 28 እናድርገው" አለ። የልጅቷ ልደት መስከረም 9 ነው! "ቅዳሜ ስለሆነ ነው... ለሰው ይመቻል።" ልደት እንደ ሊፍት ከፍ ዝቅ ይደረጋል እንዴ? ፌንጣ "ልደት" የሚለውን ቃል ሰምታ ሳትዘል ስትቀር የመጀመሪያዋ ነው። ጫማዋን ነበር የምታየው።

ነሐሴ 19

የጫማ ሰፊው ጋሼ ሱቅና የእኔ ሱቅ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው። የሳቸው መዶሻ ለኔ ይሰማል፣ የእኔ መኪና ለሳቸው። ዛሬ ወፍራም ክር ልዋስ ገብቼ አንድ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ አየሁ፤ ዚፑ አዲስ ነው። እጀታው ላይ የፌንጣ ተለጣፊ ቢራቢሮ አለ።

"ጋሼ፣ የወንድሜ ሻንጣ አይደለም እንዴ?"

"አዎ ልጄ፣ ዚፑ ተበላሽቶበት..." አሉና መዶሻቸውን አነሱ።

ዚፕ የምቀይረው እኔ ነኝ! የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዚፑን ለኔ ነው የሚያመጣው። ታዲያ እኔ ቤት የሚያድር ወንድሜ ሻንጣውን አልፎኝ ሄዶ...? ለሠርጋቸው ይሆናል። ሊያስደንቀኝ ብሎ ይሆናል። ነገር አላብዛ።

ነሐሴ 20

ዩኒፎርሙ አለቀ። ወንድሜ በእጁ ዳበሰው። "እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ድምፁ ግን ሻከረብኝ... ጉንፋን ሊይዘው ይሆን?

ነሐሴ 23

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ትናንት ወንድሜና እጮኛው በባቡር ሽርሽር ወሰዱን። ፌንጣ መንገዱን ሙሉ እጄን እንደያዘች፤ ዝላይ የለ፣ ወሬ የለ። ያመማት መስሎኝ ግንባሯን ስዳብስ ዋልኩ።

ዛሬ የልደት ቀሚሷን ለካሁላት። ቢጫ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቆማለች፤ እኔ ተንበርክኬ የታችኛውን እጥፋት በስፒል እይዛለሁ።

"አክስቴ፣ ስፒል አፍሽ ውስጥ አለ?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ጨምሪበት።"

ጨመርኩ። አሁን ደግሞ ምን ሰበረች አልኩ በሆዴ። ግድግዳውን እያየች ነው የተናገረችው።

"ሩቅ አገር ልንሄድ ነው። አባዬ፣ እሷ፣ እኔ። በአውሮፕላን። እዚያው ነው የምንኖረው። አዲስ ትምህርት ቤት አለኝ... ዩኒፎርም የላቸውም። አንቺ አትመጪም።"

ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ "አባዬ ለአክስትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኛል። አሁን ግን አልነገርኩሽም፣ አይደል?"

ምን ላድርግ? ስፒሉን ተፍቼ ብጮህ ከእንግዲህ ምን ታምነኛለች? ራሴን ነቀነቅሁ። አልነገርሽኝም። አንዱ ስፒል ከንፈሬን ወጋኝ፤ ደሙን ዋጥኩና እጥፋቱን እስከ መጨረሻው ይዤ ጨረስኩ። ከዚያ ስፒሎቹን አውጥቼ፣ "አልቋል፣ ውረጂ" አልኳት። አንገቴን አንቃ አቀፈችኝና ሮጣ ሄደች።

ነሐሴ 24

ለካ ሐይቁም ለዚህ ነው። ፎቶውም፣ ጦጣዋም፣ ባቡሩም። ልደቱም የቀደመው ለዚህ ነው። ሲሰናበቱኝ ከርመዋል፤ እኔ ቂሏ ዳቦ እቆርጥላቸዋለሁ።

ዩኒፎርሙ ነው የማይወጣልኝ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ መርፌው ሲገባ ሲወጣ እያየ... "ተይው እህቴ፣ አትድከሚ" ለማለት ምን ያህል ይከብዳል? ሳይለብሱት የሚቀር ልብስ ሲያሰፋኝ፣ ያውም "እጅሽ ይባረክ" ብሎ! ደግሞ በልጅቷ አፍ ላይ መሐላ ጭኖባት። ይህች ልጅ ይህን ሁሉ ቀን እኔን ስታይ ምን ሆና ይሆን?

ደሜ ፍልት አለ። ልናገረው ብል "ማን ነገረሽ?" ይለኛል። ታዲያ ፌንጣን አሳልፌ ልስጣት? ራሱ ይንገረኝ። እጠብቃለሁ።

ነሐሴ 26

ዛሬም አልነገረኝም። ራት በላ፣ ስለ አንድ የተበላሸ ሊፍት አወራ፣ ተኛ።

ጠዋት ጋሼ ጋ ገባሁ። "ሻንጣው ወዴት ሊሄድ ነው?" አልኳቸው። መዶሻቸውን አስቀመጡ።

"ራሱ ይንገራት ብዬ ነው ልጄ... የሰው ቤት ነገር ውስጥ እንዴት እገባለሁ?"

"ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?"

"ከሰኔ መሰለኝ።"

ከሰኔ! በሰኔ እኔ የዩኒፎርሙን ጨርቅ ገዝቼ ለሳቸው አሳይቻቸዋለሁ። "ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ይበረክታል" ብለውኛል። "ደህና ይዋሉ" ብዬ ወጣሁ። ስንት ዓመት አንድ ግድግዳ ተደግፈን ኖረናል። ባዳ ሆኑብኝ።

ነሐሴ 28

ፊኛ ነፋሁ፣ ወንበር ደረደርኩ፣ ኬክ ቆርጬ አደልኩ፣ ሳቅኩ። ያየኝ ሰው "ደስተኛ አክስት" ይላል።

የጥርስ ሐኪሟ እናት መጡ። ሁለት እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና፣ "እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። በልደት! "ምነው፣ ማን ሞተ?" አልኳቸው። ሴትዮዋ የሚገቡበት ጠፋቸው፤ ልጃቸው መጥታ ወደ ኬኩ ወሰደቻቸው። እሳቸውም ያውቃሉ ማለት ነው። ዙሪያዬን አየሁ። የወንድሜ የሥራ ባልደረቦች ዓይናቸውን ያሸሹብኛል። ቤቴ ሞልቶ የማያውቀው የለም። እኔ ነኝ እንጂ የማላውቅ ተብዬ የተመደብኩት።

ወንድሜ ሻማውን ለኩሶ፣ "ልጄ ዛሬ ሰባት ዓመት..." ብሎ ጀመረ። ያኔ አፌ ድረስ መጣብኝ። ገና አልሞላትም! ለምን እንዳስቀደምከው ለሰው ሁሉ ንገር! ልዘረግፈው አንድ ትንፋሽ ነበር የቀረኝ። ፌንጣ በቢጫ ቀሚሷ ወንበር ላይ ቆማ እኔን ታያለች። ፊቷ አመድ መስሏል። የነገረችኝ እሷ መሆኗ ሊታወቅባት ነው።

ኮሌታዬ ላይ መቼም ስፒል አይጠፋም። አንዱን ነቀልኩና ከንፈሬ መሃል አደረግሁት። ሌላም ጨመርኩ። ሌላም።

ገባት። ሻማውን በአንድ ትንፋሽ አጠፋችው።

"ልደት ላይም ሥራ?" ብሎ አንዱ እንግዳ ቀለደብኝ። ሁሉም ሳቁ።

ነሐሴ 29

ያው ሐይቅ፣ ያው አሸዋ። የጥርስ ሐኪሟ ፌንጣን ይዛ ወደ ውሃው ስትሄድ ወንድሜ ጎኔ ተቀመጠ። አሸዋ እየዘገነ ይበትናል።

"እህቴ... አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ንገረኛ።"

ውጭ ሥራ አገኘ። እሷም እዚያው ክሊኒክ ትገባለች። ቤት ተይዟል፣ ትምህርት ቤትም ተገኝቷል።

"መቼ ነው?"

"ነገ።"

ነገ! አልጮኽኩም። እሱን ያስፈራው ይህ ነው።

"ታውቂ ነበር እንዴ? ማን ነገረሽ? ልጅቷ ናት?"

"ሻንጣህን ጋሼ ጋ አየሁት።" ውሸት አይደለም።

"ትጮኺያለሽ ብዬ ነው... ታለቅሻለሽ ብዬ... ፊትሽን ማየት አቃተኝ።"

"ዩኒፎርሙን ስሰፋ ግን ፊቴን አየኸው።"

አንገቱን ደፋ። "ደስ ብሎሽ ነበር እኮ የምትሰፊው። ላበላሽብሽ አልቻልኩም።"

እንዲህ ያለውን ደግነት ለጠላቴም አይስጠው።

አባት ነው። ይውሰዳት፣ ልጁ ናት፣ አልከለክለውም። በሰኔ ቢነግረኝ አልቅሼ፣ ተሳድቤ፣ ከዚያ ሻንጣቸውን እኔው አስተካክልላቸው ነበር። እነሱ በየእሑዱ ሲሰናበቱኝ ከርመው ለእኔ አንድ ሌሊት ተዉልኝ። ይህን ነው የማልረሳለት።

ነሐሴ 30

ሄዱ። የጥርስ ሐኪሟ አለቀሰች፤ "ይጠይቁን፣ እባክዎ" አለችኝ። የቢጫውን ቀሚስ እጥፋት እንዴት እንደሚለቀቅ አሳየኋት። ፌንጣን ስሜ አልጠገብኩም። ወንድሜን አልሳምኩትም።

መስከረም 4

ትምህርት ተከፈተ። ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ፣ ጠዋቱን ሙሉ በመስኮቴ ስር አለፈ። መጋረጃውን ዘጋሁና ሱሪ አሳጠርኩ። የእኔው ዩኒፎርም እንደተንጠለጠለ ነው። ልፈታው መቀስ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ጋሼ ተረከዙ የላላ ጫማዬን ሳልጠይቃቸው ሠርተው በራፌ ላይ አስቀምጠውልኛል። አልታረቅኳቸውም። ጫማውን ግን አደረግሁት።

መስከረም 9

እውነተኛው ልደቷ ዛሬ ነው። ወንድሜ ደወለ። እስካሁን ሲደውል አላነሳለትም ነበር። ዛሬ አነሳሁ።

"እህቴ... ትፈልግሻለች፣ ልስጥሽ።"

ፌንጣ ናት። እንኳን ተወለድሽ አልኳት። "እሺ።" ደህና ነሽ? "ደህና ነኝ።" ትምህርት ቤቱስ? "ጥሩ ነው።" አጠገቧ ሰው እንዳለ ያስታውቃል። የእኔ ፌንጣ እንዲህ አታወራም። ከዚያ የእግር ኮቴዋን ሰማሁ፣ በር ተዘጋ፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"አክስቴ፣ ስፒል አፍሽ ውስጥ አለ?"

ከኮሌታዬ ነቀልኩ። "እምም።"

"ጨምሪበት።"

ጨመርኩ። "እምም።"

ነገረችኝ። ብዙ ነገረችኝ፣ መሃል ላይ አለቀሰች፣ እንደገና ቀጠለች። ምን እንዳለችኝ ግን ከእንግዲህ እዚህም አልጽፈውም። ደንብ ደንብ ነው።

"አልነገርኩሽም፣ አይደል?"

"እምም።"

በሩ ተከፈተ መሰለኝ፤ ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት። "ይህን ሁሉ ጊዜ ምን እያለችሽ ነው?" አለኝ።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሬ አወጣሁ። ኮሌታዬ ላይ መልሼ ሰካኋቸው። ይጠብቅ።

"ስለ ኬኩ ነው" አልኩት።