ያለፈኝ ጽዋ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 3 ቀን

«እሱን ተዉት፤ ዓለም በቃኝ ብሏል። ጽዋውን ለዝናሽ ስጡ።»

ይድረስ ለእትዬ፣ ይፋግ።

ይህን ያሉት አንቱ ነዎት፤ መስከረም ሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ማኅበራችን ላይ። ቃል አልጨመርሁም፣ አላጎደልሁም። ቢሆንም ሰላምታ አይቀርም። ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? የልጅ ልጆችዎስ? እኔ፣ ይመስገነው፣ ደኅና ነኝ። ስልክ ያልደወልሁት አንቱ ማልቀስ ሲጀምሩ ነገሬን ስለምተው ነው።

መምሬ ኃይለሚካኤል ጸሎቱን ጨርሰው ለቀጣዩ ወር ደጋሽ ጽዋውን ሊያስረክቡ ሲነሡ፣ ተራው የእኔ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጋቢዬን አስተካክዬ ተነሥቻለሁ። እጄንም ዘርግቻለሁ። አንቱ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ያንን ተናገሩ። ውባንተ ደግሞ፣ አፉ መቼ ያርፋል፣ «እንግዲያ ቆብ መግዣ እናዋጣለታ!» አለ። ተሳቀ። ጽዋው በአፍንጫዬ ሥር አልፎ ዝናሽ እጅ ገባ። እኔም ለሌላ ጉዳይ እንደተነሣ ሰው ወደ ደጅ ወጣሁ።

ዓለም በቃኝ ማለቴን አልክድም። የባለቤቴ የአሰፋሽ አርባ ዕለት፣ አንቱ ስለ ሌላ ሚስት ሲያነሡብኝ ያልሁት ነው። ሌላ ምን ልበል ኖሯል? ግን ቃሉን ማን እንዳለው መለየት ነበረብዎ። መነኩሴ ሲለው ቁርጥ ነው፤ ቆቡን ጭኖ፣ ቤቱን ለልጅ ትቶ ይሄዳል። እናታችን ከገበያ ደክማ ስትገባ «ወይ ዓለም በቃኝ!» ትልና፣ ወዲያው የጎረቤት ሰርግ መቼ እንደሆነ ትጠይቅ ነበር። ኀዘንተኛ ሲለውስ? በእኛ አገር እንግዳ በቃኝ ቢል ማን ይሰማዋል? «በሞቴ! ይህችን ብቻ!» ብለን እናጎርሰዋለን እንጂ መሶቡን አናነሣበትም። አንቱማ ሳያጎርሱ የለቀቁት ሰው የለም። እኔ አንድ ጊዜ በቃኝ ብል አመኑኝ። ዓመት ሙሉ አመኑኝ።

ቃል እየመነዘረ አስቸገረኝ ይሉ ይሆናል፤ ዩኒቨርሲቲ የላኩኝ አንቱ ነዎት።

ከአርባው ወዲህ ሰዎች ሰርግ አይጠሩኝም። ለሽምግልና አይልኩኝም። «መንኗል» ይላሉ፣ ያውም በአክብሮት። ከሰው ጋር የሚያስቀምጠኝ ማኅበሩ ብቻ ቀርቶኝ ነበር።

አዝነውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ሴት የሌለበት ቤት ደግሶ እንዳያፍር ብለው ነው። እኔ ግን የዚያን ዕለት የመጣሁት ብቅሉን ገዝቼ፣ ጌሾውን አስወቅጬ፣ ጋኑን በወይራ አጥኜ ነበር። ቢጠይቁኝ እነግርዎ ነበር። አልጠየቁኝም።

ማክሰኞ ዝናሽ ዘንድ ሄጄ ተራዬን እንድትመልስልኝ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ጠላውን ማን ሊጠምቅልዎ ነው?» አለችኝ። እኔ ራሴ አልኋት። ነጠላዋ እስኪወድቅ ሳቀች። አሰፋሽ ስትጠምቅ እያየሁ ኖሬ አልማርም? ሳቋን ስታበቃ ግን፣ «እኔ ምን ከፋኝ፤ ብቻ እትዬ ይፍቀዱ። እሳቸውን አስቀይሜ የት እገባለሁ?» አለች። መምሬም ያሉኝ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ በእጅዎ ነው።

ተራው የእኔ መሆኑን በራስዎ እጅ ጽፈው፣ እስከ ጥቅምት አሥራ ሁለት ድረስ በሚኒባስ ይላኩልኝ። በስልክ የሚነገር መልስ አልቀበልም። ቀኑ ካለፈም ጠላው ለማኅበሩ አይደርስም። ለድግሱ መጥተው ስንት ቀን እንደሚሰነብቱም አብረው ይግለጹ። መኝታ ቤቱን አሰናድቼዋለሁ፤ አንሶላው አዲስ ነው። እኔን አያስቡ፤ ከአሰፋሽ ወዲህ የምተኛው ሳሎን ነው።

መድኃኔዓለም ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ያቆይልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ