ከዱባው ወደ እኔ የተመለሰው ቀስት

እሁድ

ዱባው ዛሬም አራገፈ። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው የተማሪዎቼ መደብ ቅጠሉ ያማረ፣ አበባው የበዛ ነው፤ ፍሬ ግን የለም። ጣት የምታህል ዱባ ብቅ ትላለች፣ ቢጫ ትሆናለች፣ ትወድቃለች።

ለትምህርት ይሆነናል ብዬ "ለምን?" አልኳቸው። አንዱ ውሃ አለ፣ አንዷ ማዳበሪያ፣ አንዱ ሙቀት። ሥሩን ለብቻ፣ ቅጠሉን ለብቻ ሸምድደዋል። አንዱን ከሌላው በቀስት አገናኙ ስላቸው ደብተራቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። ዓመቱን ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው?

በእረፍት ሰዓት አስተባባሪዋ ዳፍና ያዘችኝ። ሐሙስ ክፍሌ ገብታ ትታዘባለች። ተማሪዬ ኦሪት ሰሌዳ ላይ ወጥታ የዱባውን ነገር ካላስረዳች ከከፍተኛው የባዮሎጂ ክፍል ትወርዳለች። ኦሪት ከጎንደር ወደ ሃይፋ ከመጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ከወረደች ያ መንገድ ይጠብባታል። "ዝም ነው የምትለው" አለች ዳፍና። እውነቷን ነው። ተናድጄ ወጣሁ።

ሰኞ

ለዚህ ዱባ ያላደረግኩት የለም። ብርሃን ጋረደበት ብዬ ዙሪያውን የነበረውን በሶብላ ከነአበባው ከሥሩ ቆረጥኩለት። (ክርያት አታ ለምትኖረው እናቴ ወስጄ ሰጠኋት፤ ለበርበሬዋ አድርቃ መርቃኛለች።) ማዳበሪያ ጨመርኩ። ጠዋትና ማታ አጠጣሁ። ምስጋና ቢስ!

ኦሪትን ለብቻዋ ጠየቅኳት። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ? "አውቀዋለሁ፣ መምህርት።" በይ ንገሪኝ ስላት አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ "የሺ፣ አንቺ" ይሉኛል። እሷ ብቻ ናት "እርስዎ" የምትለኝ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን አበሳጨኝ።

ማክሰኞ

ዱባውን ተውኩት። ከታችኛው መንገድ እስከ ግቢው በር ያለውን ደረጃ ሁሉ አስሮጥኳቸው። ሃይፋ ደረጃ አይቸግራትም። እያለከለኩ ክፍል ገቡና ጻፉ፤ ልብ፣ ሳንባ፣ ሙቀት፣ ላብ። አሁን አገናኙ አልኳቸው።

ኦሪት ተነሥታ ሙቀት ላቡን እንደሚያመጣ፣ ላቡም ተመልሶ ሙቀቱን እንደሚቀንስ በቀስት አሳየች። ክብ ሆነ! ማንም ሳይነግራት። ክፍሉ ተንጫጫ፤ የሁሉም እጅ ወጣ። በአውቶቡስ ስመለስ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

ረቡዕ

ሁለት ዱባዎች አልረገፉም። ሎሚ አክለዋል፤ በግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ማን እንዳሰረው ጠየቅኩ። ኦሪት ናት። ባለፈው ሳምንት የወንዴውን አበባ ቆርጣ በሴቴው ላይ አሻሽታዋለች። "ንብ የለም፣ መምህርት። የንቡን ሥራ እኔ ሠራሁለት።"

ንቡ ለምን ጠፋ ስላት ክሩን ማጥበቅ ጀመረች። ነገ ሐሙስ ነው። ምን ይሻለኛል?

ሐሙስ

የዛሬውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ዳፍና ከኋላ ተቀመጠች። ኦሪት በተሰባበረ ዕብራይስጧ ጀመረች። ከንብ ወደ ዱባ ቀስት፤ ከበሶብላ አበባ ወደ ንብ ቀስት። እዚያ ላይ ቆመች። "በሶብላውስ ምን ሆነ?" አለች ዳፍና። ኦሪት አየችኝ፣ መሬት አየች። ዳፍና እስክሪብቶዋን አነሣች።

ያኔ ገባኝ። ልጅቷ ያላወቀችው ነገር አልነበረም። በጎንደር ያደገች ልጅ መምህሯን ለብቻዋም ቢሆን አጠፉ አትልም፤ በሰው ፊትማ ጭራሽ። ሳምንቱን ሙሉ አክብራኝ ልትወድቅልኝ ነበር! በአማርኛ "ተናገሪ፣ ልጄ፤ አልቀየምሽም" አልኳት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቆረጡት እርስዎ ነዎት።"

ዳፍና "ምን አለች?" ብላ ጠየቀች። ጥፋቴን ራሴ ተረጎምኩላት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ እኔም አብሬ።

ኦሪት ግን አልጨረሰችም። ስሜን ጻፈች፤ ከስሜ ወደ በሶብላው ቀስት። ከዚያ ከዱባው ወደ ስሜ ሌላ ቀስት መልሳ፣ "የቆረጡት ለዱባው አስበው ነው" አለች። ክቡ ተዘጋ። ለዱባው ብዬ ንቡን አባርሬ ዱባውን ከለከልኩት። ሃያ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ መልስ ከተማሪ አልሰማሁም።

ዳፍና ብድግ አለች። "ቤሰደር፣ እሺ። ትቆያለች።" ልጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። እኔ አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ?

ሰሌዳውን አላጠፋሁም። ለእናቴ ደውዬ የበሶብላ ዘር እንድታስቀምጥልኝ ነገርኳት። ኦሪት ስትወጣ በሩ ላይ አስቆምኳት፤ "ሁለተኛ እስከ ሐሙስ እንዳታስጠብቂኝ" አልኳት።

"እሺ፣ መምህርት" አለችና ትንሽ አሰበች። "እንግዲያውስ፣ ውሃውንም አብዝተውበታል።"