ይላላል ወይስ ይጠብቃል?

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? የብየዳው ብልጭታ ዓይኔን ጎዳኝ ብለህ ነበር፤ መነጽሩን ታደርጋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ግንባርህ ላይ ሰቅለኸው ትውላለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ተመስገን ነው፣ ፍጹም ጤነኛ ነው።

አሁን ወደ ልጅህ ጉዳይ ልግባ። አስተማሪዋ ሥዕል እያየች ታሪክ ትፈጥራለች እንጂ አታነብም፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላሻሻለች ወደ አንደኛ ክፍል ትመለሳለች ማለቷን ስነግርህ፣ የመጽሐፏን ሥዕሎች በሙሉ ሸፍኝባት ብለህ በስልክ ተቆጣህ። እንዳልከኝ አደረግሁ። ልብስ የምቀድበትን ወረቀት ቆርጬ ሥዕሎቹ ላይ በስፒል ያዝኩት።

እኔ ስሰፋ እሷ ስቅታ እንደያዘው ሰው እየቆራረጠች ስታነብ "ዶሮው ይበላል" የሚለው ላይ ደረሰች። "ይበላል"ን አጥብቃ አነበበችውና እሪ ብላ አለቀሰች። ምን ሆንሽ ብላት ሊያርዱት ነው አለችኝ። ኧረ እሱ ራሱ ነው የሚበላው፣ አላልተሽ አንብቢው አልኳት። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ "አክስቴ፣ በምን አወቅሽ?" አትለኝም!

አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። ፊደሉ ያው ነው። ቢበላም "ይበላል"፣ ቢበሉትም "ይበላል"። ሠላሳ ዓመት ሳነብ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ስፒሉን ነቀልኩት፤ ከሥሩ ዶሮው ጥሬውን እየለቀመ ነው። "ይላላል!" ብላ ጮኸች። ወንድምዓለም፣ እኛ ሥዕሉ የልጅ ማባበያ መስሎን ነው እንጂ ለካስ ፊደሉ ያልያዘውን የያዘው እሱ ኖሯል። ወረቀቱን በሙሉ አነሳሁት፤ ትእዛዝህን ስላፈረስኩም ይቅርታ አልልህም።

ከዚያ ወዲህ አነባበቧ ሌላ ሆነ። ጣቷን ቃሉ ላይ ታሳርፍና ሥዕሉን ታያለች፣ ተመልሳ ቃሉን ታያለች። ጽሑፉ ሦስት ፍየሎች ሲል ሥዕሉ ላይ ሁለት ብታይ ጊዜ፣ ስትፈልግ ስትፈልግ የሦስተኛዋን ጅራት ከዛፍ ጀርባ አገኘችው። እኔ አላየሁትም ነበር።

ትናንት አስተማሪዋ እኔ ባለሁበት ፈተነቻት። ሥዕል ሳይኖረው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ስድስት መስመር እየተንገዳገደችም ቢሆን ዘለቀችው። "ልጁ ይመታል" የሚለው ላይ ግን ቆመችና "ቲቸር፣ ሥዕል የለውም እኮ፤ ይላላል ወይስ ይጠብቃል?" ብላ ጠየቀች። አስተማሪዋ ጠመኔዋን አስቀመጠች። ከዚያ እዚያው ሁለተኛ ክፍል እንደምትቀጥል ነገረችን።

እማዬ መነጽርህን አድርግ ትልሃለች። ባለቤቴ ናፍቆኛል በይው ብሎኛል። አብሮህ ለሚኖረው ጓደኛህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የልጅህን ሰላምታ መጨረሻ ላይ ያደረግሁት አውቄ ነው። ፖስታው ውስጥ ያለው ወረቀት የእሷ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ነው የጻፈችው፤ "አባቴ አለ" ይላል። እኔ አላልቼ አነበብኩትና ምን አለ ልላት ስል፣ መጀመሪያ ሥዕሉን እንዳይ ነገረችኝ። ሁላችንም ገበታ ቀርበናል፤ አንተም መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ወንበርህ ላይ ተቀምጠሃል። "አለ" ይጠብቃል፤ ወንበርህም ይጠብቃል።

እህትህ

ከስፌት መኪናዬ አጠገብ፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን