በቁምህ «ነፍሱን ይማር» ያለህን ሰው አልተውሁትም

ሞላየ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንተን ምን ብየ ልጠይቅህ? ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ሳልህ ከቤት ስለ ወጣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ እኔ ግን ጸጥ አላልሁም። ይህን የምጽፍልህ ናፍቆቴን ለመንገር ብቻ አይደለም። ደሳለኝን ምን እንዳደረግሁት ከእኔው አፍ እንድትሰማው ብየ ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሕይወት አድጋለች፤ ቀሚሷ ሁሉ አጥሮባት አሁን የምትለብሰው የእኔን ነው። ጓሮ የተከልኸው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ። ከሹም አቦ ሰፈር ወደ ሐይቁ የሚያወርደው መንገዳችን ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ አይቀማንም። እንጨት እያዞርህ የምትቀርጽበት ቶርኖህ እዚያው ቆርቆሮው ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቶ ተመልሷል። ከአሮጌ የውኃ መሳቢያ ፈትተህ የገጠምህለት ሞተር ዛሬም ሲነሣ እንደ ድሮው ያጉረመርማል። አሁን የማስነሣው እኔ ነኝ።

አባቴ ቤት ሽማግሌ ልከህ የመጣህ ዕለት ትዝ ይልሃል? ሌላው ሰው ወርቅ ባይኖረው ሻሽ ይዞ ይመጣል። አንተ ከኪስህ የዋንዛ እሽክርክሪት አውጥተህ መዳፌ ላይ አስቀመጥህ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ አየህና «ይኼ ለሙሽራ ነው ወይስ ለሕፃን?» አለህ። «ለሁለቱም ይሆናል፣ አባባ» አልኸው። አባቴ የሳቀው ያኔ ነው፤ እኔም የወደድሁህ ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት በር ላይ ጆንያ አንጥፌ ስትሠራ አይህ ነበር። ዋንዛውን ቶርኖው ላይ አጥብቀህ ታስርና መሮህን ታስጠጋለህ፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጸጉሬ ላይ ይወርዳል። ሞተሩን አቁመህ የተሠራውን ዕቃ በታችኛው ከንፈርህ ትዳስሰዋለህ። «እጄ ደንዝዟል፣ ሻካራውን አያውቀውም» ትለኝ ነበር። ቀይ ሰሙን እየዞረ ባለው እንጨት ላይ ስታሳርፈው በሙቀቱ ቀልጦ ቀለበት ይሆናል። የምስማሩን አናት ቆርጠህ፣ ሞርደህ፣ እግር ታደርግለታለህ። በመጨረሻ የትሪ ጀርባ ላይ ትለቀዋለህ። ሳይወላገድ ቀጥ ብሎ የቆመ እስኪመስል ሲዞር ጣትህን አፍህ ላይ አድርገህ «ዝም በሉ፣ ጸሎት ላይ ነው» ትላለህ። ሕይወት ትንሽ ሳለች እውነት መስሏት ታማትብ ነበር።

ደሳለኝን በክፉ ዓይን አይቼው አላውቅም ነበር። ሚዜህ ነው። በጉርምስናችሁ አንድ እንጨት ቤት አብራችሁ ሥራ ለምዳችኋል። እሱ እንጨቱን ትቶ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱት ጀልባዎች ከሚነሡበት ዳር ሱቅ ከፈተ፤ አንተ ትሠራለህ፣ እሱ ለእንግዳ ይሸጣል። ሳሉ ሲጀምርህ፣ ሐኪሙም የእንጨት ብናኝ ሳንባህን እንደ ጎዳው ነግሮን አልጋ ስትይዝ፣ ደሳለኝ መጥቶ ያለቀውንም ሊያልቅ የደረሰውንም እሽክርክሪት በጆንያ ወሰደ። መሮዎችህንም «ላስልለት» ብሎ ጠቅልሎ ወሰዳቸው። መሮዎቹ አልተመለሱም። እኔ ግን ያኔ እየተባበረን መስሎኝ መርቄ ነው የሸኘሁት።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። አንተ ትራስ ተደግፈሃል፣ እኔ አጥሚት በማንኪያ አጎርስሃለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ደሳለኝ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ብቅ አለ፤ ቀዩ ቀለበት ያለው ሥራህ መዳፉ ላይ ነው። ጋዜጠኛዋ «ይህን የሚሠራው ማን ነው?» አለችው።

«እኔው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ብቻህን?»

«ድሮ አንድ ረዳት ነበረኝ። ብርጭቆ ወረቀት የሚያሽልኝ፣ ሞላ የሚባል። ነፍሱን ይማረው፣ አርፏል።»

ማንኪያው አፍህ ዘንድ ሳይደርስ እጄ ላይ ቀረ። አንተ ዓይንህን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልህም።

በማግሥቱ አክስትህ እትየ እታገኝ ከሐሙሲት መጣች። ደሳለኝን ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ አይታው ኖሮ አውቶቡስ ላይ ስታለቅስ መጥታ፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምራ «ወይኔ ሞላየ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ወጣ። አንተ በእጅህ መቃኑን ይዘህ ቆምህና «እትየ፣ ግቢ እንጂ፣ አልሞትሁም» አልሃት። እዚያው ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ረጭተን ስናነሣት አንተ ሳል እስኪያፍንህ ሳቅህ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሰዉ ሲወጣ ግን ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርህ። ሞቷል ስላለህ መስሎኝ ነበር። «የሺ» አልኸኝ፣ «ረዳቴ ነበር አለኝ፣ አይደል?»

«አሁን ሄጄ በአንገቱ ጎትቼ አምጥቼ እግርህ ላይ እጥለዋለሁ» አልሁ።

«ተይው» አልህ።

ከዚያ በፊት ከሰዓት ከሰዓት የእንጨቱ ሽታ እንዲመጣልህ የቆርቆሮውን ቤት በር ክፈችልኝ ትለኝ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ አላልኸኝም። የገና ጾም ሳይፈታ አረፍህ። ሐኪሙ በሳንባህ ነው ይላል። የሐኪሙን ቃል አልክድም፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹን ሳምንታትህን የበላብህ ማን እንደሆነ እኔ አይቻለሁ።

ቀብርህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የጮኸው ደሳለኝ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ሁለት ሰው ይዞት ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ሰው ሲያጽናናው አየሁት። ተይው ያልኸው አንተ ነህ፣ ሞላየ። እኔ እሺ አላልሁህም።

ኀዘን ጠያቂው ሲያልቅ ቆርቆሮው ቤት ገባሁ። ቀጥቃጭ ዘንድ ሄጄ ከመኪና ባሌስትራ ብረት አዲስ መሮዎች አሠራሁ። መጀመሪያ እንጨቱ መሮውን ነጥቆ ቅንድቤን ከፈተው፤ ጠባሳው አለ። ጀምረህ የተውኻቸውን እሽክርክሪቶች ከፊቴ ደርድሬ ወገባቸውን፣ ትከሻቸውን እያየሁ የእኔን አበላሽሁ፣ ደግሞ አበላሽሁ። ሰሙን አብዝቼ አጨማለቅሁት። ምስማሩን አጣምሜ መታሁት። አንተን እያሰብሁ ተማርሁ ብልህ ደስ ይልህ ነበር። እውነቱ ግን እሱን እያሰብሁ ነው የተማርሁት። እጄ ሲዝል ያንን «ረዳት» ያለበትን አፉን አስታውሳለሁ፤ እንደ ገና ሞተሩን አስነሣለሁ። አንድ ቀን የትሪው ጀርባ ላይ የለቀቅሁት ቀጥ ብሎ ቆመ። ሕይወት ከበሩ ሆና አየችውና አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። ለማንም እንዳትናገር አስማልኋት።

በሙት ዓመትህ ማግሥት ደሳለኝ ራሱ በእግሩ መጣ። በጆንያ የወሰደው ሥራህ እያለቀበት ነበር። ከጥምቀት በፊት ሐይቁ ዳር ባዛር ይከፈታል፤ እሽክርክሪት እንዴት እንደሚሠራ ሕዝብ ፊት እንዲያሳይ ጋብዘውታል፤ ቶርኖ የለውም። ወንበር ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ «የሺ፣ ለሞላ መታሰቢያም ይሆናል» አለኝ።

ፈገግ አልሁለት፣ ሞላየ። «ምን ገዶኝ፣ ውሰደው» አልሁት። «ሥራውን ከአንተ በላይ ማን ያውቀዋል?»

በባዛሩ ቀን ዋርካው ሥር ድንኳን ተጥሎ ሰዉ ተጨናንቋል። እንግዳው፣ ተማሪው፣ ጀልባ ነጂው፣ የደሳለኝ ሚስት በአዲስ ቀሚስ። እሱ ደግሞ ከቶርኖው ጋር የወሰደውን ያንተን የቆዳ ሽርጥ ለብሷል። ሊያልቅ የደረሰ የአንተን ሥራ ከቤቱ አምጥቶ ቶርኖው ላይ አስሮታል፤ ሊያደርግ ያሰበው በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ሰም መቀባት ብቻ ነው። ሰዉን ገፍቼ ገባሁ። አንተ ቆርጠህ ያደረቅኸውን የዋንዛ ጉማጅ ፊቱ አስቀመጥሁና «ደሳለኝ፣ ሰዉ ከጅምሩ ማየት ይፈልጋል» አልሁ። ሰዉ አጨበጨበ። መድረክ መሪው በማይክራፎኑ «እውነት ነው፣ ከጅምሩ!» አለ። ደሳለኝ አየኝ። ያኔ ገባው።

መሮውን ሲያስጠጋ እንጨቱ ተፈናጥሮ የድንኳኑን ሸራ መታ። እንደ ገና አሰረው። በመጨረሻ የወጣለት ነገር የተንጋደደ ሽንኩርት ይመስላል። ሲለቀው ሁለቴ ተወላግዶ በጎኑ ተኛ። ልጆች ሳቁ። «ሞተሩ ችግር አለበት» አለ ላቡን እየጠረገ።

ነጠላየን ወገቤ ላይ አሰርሁ። «እስቲ ፈቀቅ በልልኝ» አልሁት።

ከጉማጁ ጀምሬ ወገቡን አወጣሁ፣ ትከሻውን አወጣሁ፣ ሞተሩን አቁሜ በከንፈሬ ዳሰስሁት። ቀዩን የሰም ቀለበት አደረግሁለት፣ ምስማሩን መታሁ፣ ትሪው ላይ ለቀቅሁት። ቆመ። የሐይቁ ውኃ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማ ነበር።

መድረክ መሪው «እሜቴ፣ ማን አስተማረዎት?» ብሎ ማይክራፎኑን ሰጠኝ።

«ባሌ ሞላ» አልሁ። «አልጋው ላይ ሆኖ ሞተ ሲባል በቴሌቪዥን ያየው ሞላ።» ማይክራፎኑን ወደ ደሳለኝ አዞርሁ። «ይህን ሥራ የሠራው ማን ነበር? ንገራቸው።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«አልሰማንህም።»

«ሞላ ነው» አለ። «እኔ ሻጭ ነበርሁ።»

«ነፍሱን ይማር ያልህለት ቀን ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም ነበር።»

ሚስቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽርጥህን ራሴ ከወገቡ ፈታሁት፤ እንደ ልጅ እጁን አንሥቶ ቆመልኝ። ከወዲያ «ይበለው!» ያለ ሰው ሰማሁ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ቶርኖህን ባጃጅ አልችል ብሎ በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት መለስሁት።

ከበቀል በኋላ ሰው ባዶ ይሆናል ሲሉ እሰማ ነበር። እኔ ያን ዕለት እንጀራየን በልቼ፣ ጠግቤ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕይወት በማግሥቱ ጸጉሬን ስትሠራኝ «እማዬ፣ ትናንት ፊትሽ ያስፈራ ነበር» አለችኝ።

ደሳለኝ ሽማግሌ ላከ። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከፊት መጡ። «ልጄ፣ ሰውየው ተዋርዷል፣ ይበቃል፤ ይቅር በይው» አሉኝ።

«አባቴ፣ የተበደለው ሞላ ነው፤ ይቅርታውም የሞላ ነው» አልኋቸው።

«ሞላማ በሕይወቱ ሳለ ተይው ብሎሻል።»

«ደጉ እሱ ነበር፣ አባቴ። እኔ አይደለሁም።»

ይህ ልብ እስኪለዝብ ድረስ ከቁርባን እንድቆይ ነግረውኝ ሄዱ። ይኸው ቅዳሴ ላይ ሌላው ሲቆርብ ከኋላ ቆሜ አያለሁ። ያመኛል፣ አልዋሽህም። ግን እያመመኝም ልቤ አልለዘበም።

ደሳለኝ ሱቁን ዘግቶ ከተማውን ለቀቀ። እኔም አበቃ ብየ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ዓሣ የሚያመላልስ ጀልባ ነጂ ወሬ ይዞልኝ መጣ። ከሐይቁ ማዶ ጎርጎራ ወደቡ ላይ አንድ ሰው ጠረጴዛ ዘርግቶ ባለ ቀይ ቀለበት እሽክርክሪት ይሸጣል። ከጎንደር ለሚመጣው እንግዳ «የእጄ ሥራ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ» ይላል አለኝ። መልኩን ጠየቅሁት። እሱ ነው።

ሰኞ በጀልባው እሳፈራለሁ። ሕይወትን እኅቴ ዘንድ አደርጋታለሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ ሠርቻለሁ፤ ከአንተ ሥራ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጥ አንተ ራስህ ከንፈርህን ሳታስጠጋ አትለየውም። ጠረጴዛየን ከጠረጴዛው ጎን እዘረጋለሁ። አልሰድበውም፣ አልጮኽበትም። እንግዳ መጥቶ «ይህን የሠራው ማን ነው?» ባለ ቁጥር ዓይን ዓይኑን እያየሁ መልሱን እጠብቃለሁ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ጠረጴዛውን አንሥቶ ሌላ ወደብ ከሄደ እዚያም ጀልባ ይሄዳል።

ሌላዋ ሴት ባሏን በሻማ፣ በዕጣን፣ በጸሎት ታስባለች። እኔ አንተን የማስብህ እንዲህ ነው፣ ሞላየ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ ያ ሰው ስምህን ሳይጠራ ሥራህን አይሸጥም።

ያንተው የሺ