የብር ቀለበትና ንብርብር ማግኔት

ቆቦ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፈሪሀ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። በሰው አገር አላህ ይጠብቅሽ። እዚህ ማሽላው እየታጨደ ነው፤ ሙቀቱ ግን ገና አልለቀቀንም።

አጎትሽ ሙህሲን ይህን እንዳልጽፍልሽ ለምኖኝ ነበር። «የቤተ ሙከራ ሥራዋን ትጨርስ፤ ከዚያ ይነገራታል» አለኝ።

«በአባቷ ጊዜም እንዲሁ ብለህ ነበር» አልኩት።

ስለዚህ ልንገርሽ። የራስ ምታቴ ብሷል፤ የግራ ዓይኔም እየደበዘዘ ነው። ሐሙስ ደሴ ሄጄ ኤምአርአይ እንድነሳ ሐኪሙ አዟል። ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። በደብዳቤ ያደረግሁት፣ በስልክ ድምፅሽን ስሰማ «ደህና ነኝ» ማለት ስለሚቀናኝ ነው።

ስለ ሥራሽ የላክሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትመረምሪው ክሪስታል እንደ መጽሐፍ ገጽ የተነባበረ ነው ብለሻል። እያንዳንዱ ገጽ ለራሱ ጠንካራ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚያያዝበት፣ ቫን ደር ዋልስ የምትይው ትስስር ግን በፕላስተር እስኪላጥ ድረስ ደካማ ነው። በጣም ካልቀዘቀዘ ማግኔትነቱ ይጠፋል ስትዪ ሳቅሁ፤ ቆቦ አምጥተሽ ልታሳዪኝ አትችዪም ማለት ነው። የሁለቱ ገጾች ማግኔትነት ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር ወይም ይቃረን እንደሆነ የሚወስነው አንዱ በሌላው ላይ የተኛበት አኳኋን ነው፤ ትንሽ ሸርተት ሲል ይለወጣል። እዚህ ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀምጬ የድሮውን ማግኔትሽን ፈልጌ አወጣሁ።

አባትሽ ከተበላሸ ራዲዮ ማግኔት እየፈታ ሲሰጥሽ፣ ከደጅ ምስማር ስትለቅሚበት ትውዪ ነበር። በጦርነቱ ሲሞት የስልክ መስመር አልነበረም። መስመሩ ሲመለስ ግን «አባዬስ?» ስትዪኝ «ዋጃ ለሥራ ሄዷል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ፣ ሄዶ የሚያረዳሽ ሰው እስካገኝ ወራት አለፉ። አንቺ በዚያ መሃል የልቡን መድኃኒት ገዝተሽ ላክሽለት። ከነማሸጊያው አለ።

የኤምአርአይ መሣሪያው ራሱ ትልቅ ማግኔት ስለሆነ፣ ለምርመራው ብረት ነገር ሁሉ ይወልቃል ብለውኛል። አባትሽ ያጠለቀልኝ የብር ቀለበት ከጣቴ ወልቆ አያውቅም። ብር እንደማይሳብ ባውቅም፣ በዚያው በራዲዮው ማግኔት ሞከርኩት። አልሳበውም። ጎረቤታችን ሀስና ሳሙና ይዛ መጣችና «እትዬ ኡሙሃኒ፣ ጣትሽን ብናስቆርጠው አይቀልም?» እያለች ታግላ አወለቀችልኝ። ቦታው ነጥቶ ቀርቷል።

ውጤቱን ሙህሲንን አትጠይቂው። እኔኑ ጠይቂኝ። «ደህና ነኝ» ካልኩሽ ደግመሽ ጠይቂኝ።

አላህ ዕውቀትሽን ለሰው የሚጠቅም ያድርገው፤ ልብሽንም ያሳርፈው።

እናትሽ ኡሙሃኒ

ቀለበቱን ከአባትሽ መድኃኒት ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ከአልጋዬ ራስጌ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ስትመጪ ማንንም ሳትጠይቂ ታገኚዋለሽ።