ንብ የመሰለው መሣሪያሽ

ልጄ ፀደይ፣ ጌታ አንቺንም፣ በገዛ እጅሽ የምትሠሪውን የሙዚቃ መሣሪያም ይባርክ። ጂንካ ጉም ወርዶባታል፤ እኛ ደህና ነን።

ትናንት የላክሽውን የመሣሪያሽን ድምፅ በስልኬ ስከፍተው፣ ከታመመ ወዲህ ከአልጋ ያልወረደው አባትሽ ብድግ አለ። «ንቡ ሊኮበልል ነው!» ብሎ ግድግዳ እየተደገፈ፣ አቮካዶው ሥር ወዳለው ቀፎ ወጣ። ንቡ ግን ሰላም ነበር። መልሼ አልጋው ላይ ሳስቀምጠው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ሰማ። ፎቶውንም አሳየሁት፤ መሣሪያሽ ፊቱ ሁሉ ሽቦ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው።

ሽቦውን ስትበይጂ ጭሱን አትማጊ፤ ደግሞ ብዪ እንጂ፣ በፎቶው ከስተሻል። ጸጋው ይብዛልሽ።

የአባትሽን ልመና እንዳልረሳ፦ «ቀፎ ያለ መግቢያ አይሆንም፤ አንዷን ቀዳዳ ለእኛ ክፍት ተዪልን» ብሎሻል።

እናትሽ አስካል