የሐሙስ ልጆች ያሸነፉ ዕለት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

የታማሌ ከተማ ሐሩር እንዴት ይዞሻል? ባልሽስ ደህና ነው? ሕፃኗስ ጡት በደንብ ትይዛለች? እኔና ልጆቼ ደህና ነን። እማዬም ትበላለች፣ ትስቃለች። ስለ ዓይኗ የጻፍኩልሽ ሁሉ ግን ውሸት ነው። ኦፕራሲዮኑ አልተሠራም። ለገና ልጅሽን ልታሳዪያት እየመጣሽ ስለሆነ፣ ደጃፍ ላይ ደርሰሽ ከምትደነግጪ ከእኔው ስሚው። እማዬ አሁን አታይም።

ለኦፕራሲዮኑ በሹፌሩ እጅ የላክሽው ገንዘብ በሰላም እማዬ እጅ ደርሶ ነበር። የሆነው የሆነው በቤተ ክርስቲያን ነው። በተወለድንበት የሳምንት ቀን ተቧድነን መባ ስንሰጥ የሚመጣብንን እልክ ታውቂዋለሽ፤ ሰኞዎች ከማክሰኞዎች፣ ዓርቦች ከቅዳሜዎች እየጨፈሩ ወደ ሳጥኑ ሲሄዱ። ሐሙሶች ሁሌም ጭራ ናቸው፤ አብዛኞቹ እንደ እማዬ ባል የሞተባቸው አሮጊቶች ናቸው። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ያዥ ነኝና የጀመርነው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ለፋሲካ እንዲያልቅ ቸኩዬ ነበር። ማይክሮፎኑን ይዤ፣ “ሐሙሶች! ጣሪያው ሲያልቅ እናንተ ውጭ ልትቀመጡ ነው እንዴ?” ብዬ ቀለድኩ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። የቅዳሜዎቹ አለቃ፣ ዓሣ ነጋዴው ኤግያ አንሳ፣ “ተያቸው እባክሽ፣ እነሱ ዝናቡን ለምደውታል!” ብሎ ጨመረበት። እማዬ መሬት መሬቱን ስታይ አይቻታለሁ።

በሚቀጥለው እሁድ እማዬ የፊተኛዋን ሴት ትከሻ ይዛ፣ እየጨፈረች ሄዳ አንድ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረች።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ስንቆጥር ፖስታው እኔ እጅ ገባ። ጀርባው ላይ በአንቺ ጽሕፈት “ለእማዬ ዓይን” ይላል። አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ቄሳችን የዋህ ሰው ናቸው፤ “ወስደሽ መልሺላት” ከማለት ሌላ አይሉም ነበር። ግን ለጣሪያው የጎደለን ልክ ያንኑ ያህል ገንዘብ ነበር፤ ደግሞም “የገንዘብ ያዧ እናት መባዋን አስመለሰች” መባልን ፈራሁ። ፖስታውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ፣ ገንዘቡን ከሌላው ቀላቀልኩ፣ ወጥቼም “የዛሬ አሸናፊዎች ሐሙሶች ናቸው!” ብዬ አወጅኩ። አሮጊቶቹ ነጭ መሐረብ እያውለበለቡ እማዬን ከበቧት። እኔም አጨበጨብኩ፣ እህቴ። ይቺ እጄ አጨበጨበች።

ቀስ ብዬ ከራሴ እተካዋለሁ ብዬ ነበር። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መጣ፣ ባሌ ታመመ፣ ሐኪሙ የቀጠረላት ቀን አለፈ። መጀመሪያ የግራ ዓይኗ ጠፋ፣ ከሁለት ወር በኋላ የቀኙ። አሁን ገንዘብ ብናመጣም የሞተው ነርቭ አይመለስም ብሎናል ሐኪሙ፤ ስለዚህ ምንም እንዳትልኪ። እማዬ “አራስ ናት፣ እንዳትሰማ” ስትለኝ እኔም ተመቸኝና በስሟ መዋሸቱን ቀጠልኩበት።

ትናንት የበቆሎ ኬንኬዋን ከተጠቀለለበት ቅጠል እየላጥኩ ሳጎርሳት አላስችል አለኝና ሁሉንም ተናዘዝኩላት፤ ፖስታውን እንዳየሁት፣ እንደደበቅሁትም። ትረግመኛለች ብዬ ስጠብቅ እጄን ፈልጋ ያዘችው።

“በሰው ፊት ባዶ እጄን መቆም አቃተኝ፣ ልጄ፤” አለችኝ። “ቆጣሪዋ አንቺ መሆንሽን ስለማውቅ ነው ከነፖስታው የጨመርኩት። ጽሕፈቱን ስታይ ታመጣልኛለች ብዬ ያን ቀን በሩን ሳልዘጋ ጠበቅሁሽ።”

እግዚአብሔር ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ መንገዱንም ያቅናልሽ። ስትመጪ ቀድመሽ እሷ ዘንድ ግቢ፤ እኔን ባታናግሪኝ አልቀየምም።

ታላቅ እህትሽ